ያረጁ የመስኖ ግድቦችና ቦዮች ጥገና ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦ «ከአራት ዓመት በፊት ከአውሮራ ወጥቼ በኮሎራዶ ዌልድ ካውንቲ 35 ኤከር መሬት ገዛሁ። ከመሬቱ ጋር የአካባቢው የመስኖ ኩባንያ ስድስት አክሲዮን አብሮ ተላለፈልኝ፤ ዘንድሮ ደግሞ ባለአክሲዮኖቹ የቦርድ አባል አድርገው መረጡኝ። ኩባንያው ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ሁለት የአፈር ግድቦችና 14 ማይል ያህል የሚረዝም ቦይ አለው። ከስቴቱ የግድብ ደኅንነት መርማሪ የመጣው ደብዳቤ የላይኛውን ግድብ ‹ከፍተኛ አደጋ› ብሎ መድቦ፣ የውሃ መልቀቂያ ቱቦው ውስጡ እንዲመረመርና በግድቡ ላይ የበቀሉት ዛፎች ጉዳይ መፍትሔ እንዲያገኝ ያዛል። አባላቱ ግን ግድቡ መቶ ዓመት ቆሟል፣ ይልቅስ ቦዩ በኮንክሪት ይለበስልን ይላሉ፤ በቦዩ መጨረሻ ያሉት ገበሬዎች ጁላይ ላይ ውሃ አይደርሳቸውምና። ያለን 400 አክሲዮን ነው፣ በባንክ ያለን ገንዘብም ጥቂት ነው። ጥገናውን በምን ቅደም ተከተል እናቅደው?»

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎን በዝርዝር ስላቀረቡት ለመመለስ አመቸኝ። በኮሎራዶ በግድብ ምርመራና ጥገና ሥራ ላይ የቆየሁ መሐንዲስ ነኝና ፍሬ ነገሩን አስቀድሜ ልንገርዎት፦ የላይኛው ግድብ የውሃ መልቀቂያ ቱቦ ከሁሉም ይቀድማል፣ ቦዩን ማልበስ ከሁሉም ይከተላል፣ በመካከሉ ባለው ጊዜ ቦዩ ይለካል። አባላቱ የሚሉት ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም። በቦዩ ጫፍ ሆኖ በቆሎው ሲጠወልግ የሚያይ ገበሬ የውሃ እጥረትን ከማንም በላይ ያውቃል። ነገር ግን ውሃ እንደማይደርስ ማወቅና ውሃው የት እንደሚቀር ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ከጥያቄዎ እንደተረዳሁት ኩባንያችሁ ሁለተኛውን ገና አያውቅም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ኩባንያው ራሱ ምን እንደሆነ መረዳት ዕቅዱን ያቀልለዋል። እንዲህ ያለው ኩባንያ ትርፍ የሚያከፋፍል ድርጅት አይደለም። ገበሬዎች በጋራ ቦይ ቆፍረው፣ በጋራ ግድብ ሠርተው፣ ውሃውን በአክሲዮን የሚካፈሉበት ማኅበር ነው። የግሪሊ ሰፋሪዎች በ1870 በጋራ ቦይ ከቆፈሩበት ጊዜ ጀምሮ የሰሜን ኮሎራዶ እርሻ የቆመው በዚህ አሠራር ላይ ነው። አክሲዮኑ የሚያስገኘው የውሃ ድርሻ ነው፤ ግዴታውም ዓመታዊ መዋጮ ነው። ቦዩን እየዞረ በር የሚከፍተውና የሚዘጋው ሠራተኛ በአገራችን የመስኖ ቀበሌዎች የውሃ አባት የምንለውን ሰው ይመስላል፤ ሥልጣኑም እንደዚያው ከጽሑፍ ይልቅ በልምድ የጸና ነው። ከመዋጮው ውጪ ገቢ የለም ቢባል ይቀላል፤ ትልቁ ሀብት ደግሞ የውሃ መብቱ የተመዘገበበት ቀን ነው። በ1876 የጸደቀው የኮሎራዶ ሕገ መንግሥት ቀድሞ ውሃውን ለጥቅም ያዋለ ቀድሞ ያገኛል የሚለውን ደንብ ስላጸና፣ የመቶ ዓመት መብት ከአዲስ መብት ይልቅ እጅግ ውድ ነው። ይህ መብት ግን ውሃውን የሚይዝ ግድብ ከሌለ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ስቴቱ ግድቡ ለደኅንነት ያሰጋል ብሎ ከተወሰነ ከፍታ በላይ እንዳይሞላ ወይም ጨርሶ እንዲለቀቅ ካዘዘ፣ የተለበሰው ቦይ ጁላይ ላይ የሚያጓጉዘው የተጠራቀመ ውሃ አይኖረውም። ግድቡ ይቅደም ስል የነፍስ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይደለም፤ በቦዩ ጫፍ ያለው ገበሬ ራሱ የሚጠብቀው ውሃ ያለው እዚያው ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤው እንግባ። «ከፍተኛ አደጋ» የሚለው ምድብ ብዙ ባለአክሲዮኖችን ያስቆጣል፣ ምክንያቱም ግድባችሁ ሊፈርስ ነው የተባሉ ይመስላቸዋል። ምድቡ ስለ ግድቡ ጤንነት የሚናገረው አንዳች ነገር የለም። የሚናገረው ግድቡ ቢፈርስ ከታች የሰው ሕይወት ይጠፋል ተብሎ እንደሚጠበቅ ነው። ሕይወት የማይጠፋበት ነገር ግን ከባድ የንብረት ጉዳት የሚደርስበት ግድብ ከዚያ በታች ባለው ደረጃ ይመደባል። ስለዚህ አንድ ግድብ ራሱ ሳይለወጥ ከታቹ የመኖሪያ ሰፈር ስለተሠራ ብቻ ምድቡ ሊጨምር ይችላል፤ በዴንቨርና በፎርት ኮሊንስ መካከል ባለው ምድር በተደጋጋሚ የሚታየውም ይኸው ነው። የግድቡን ጤንነት መርማሪው ለብቻው ነው የሚገመግመው፤ እናንተም በዚያ ክፍል ላይ ነው ማተኮር ያለባችሁ። በኮሎራዶ ከ10 ጫማ በላይ ከፍታ ያለው፣ ወይም ሲሞላ ከ20 ኤከር በላይ የሚሸፍን፣ ወይም ከ100 ኤከር ጫማ በላይ የሚይዝ ግድብ በስቴቱ መሐንዲስ ጽሕፈት ቤት ቁጥጥር ሥር ይወድቃል። አንድ ኤከር ጫማ 1,233 ሜትር ኩብ ያህል መሆኑን ለሌሎች አንባቢዎች አስታውሳለሁ።

«መቶ ዓመት ቆሟል» የሚለውን ክርክር በብዙ ስብሰባ ላይ ሰምቼዋለሁ፤ ተናጋሪዎቹንም አከብራለሁ፣ ግድቡን አባቶቻቸው በፈረስ እየጎተቱ የሠሩት ነውና። ሆኖም የአፈር ግድብ ሲያረጅ አፈሩ ብዙም አያረጅም። የሚያረጀው በአፈሩ ውስጥ የተቀበረው ብረት፣ መገጣጠሚያና እንጨት ነው። ለዚህ በኮሎራዶ ከሎውን ሌክ የሚበልጥ ማስረጃ የለም። ሎውን ሌክ በሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በ11,000 ጫማ አካባቢ ከፍታ ላይ የነበረ፣ በ1903 ለመስኖ ተብሎ የተሠራና 26 ጫማ ያህል ከፍታ ያለው የአፈር ግድብ ነበር። ጁላይ 15 ቀን 1982 ንጋት ላይ ፈረሰ፤ 674 ኤከር ጫማ ውሃ በሸለቆው ወረደ። ከታች የነበረው የካስኬድ ግድብም ጎርፉን መቋቋም አቅቶት ተደረመሰ። ሦስት ሰዎች ሞቱ፣ የኤስተስ ፓርክ ከተማ መካከልም በጎርፍና በደለል ተሞላ፤ ጉዳቱ በ31 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። መንስኤው ሲመረመር የተገኘው የመልቀቂያ ቱቦውና የመዝጊያው መገጣጠሚያ ነበር። መገጣጠሚያውን የደፈነው እርሳስ በጊዜ ብዛት ተበላሽቶ ውሃ ወደ አፈሩ መፍሰስ ጀመረ፣ ፈሳሹ አፈሩን ቀስ በቀስ እያጠበ በግድቡ ውስጥ መንገድ ከፈተ። ከውጭ ለሚያየው ሰው ግድቡ ግድብ ነበር።

674 ኤከር ጫማ ትልቅ መጠን አይደለም። በሰሜን ኮሎራዶ ብዙ የመስኖ ማጠራቀሚያዎች ከዚያ የሚበልጥ ውሃ ይይዛሉ፤ የእናንተም ምን ያህል እንደሚይዝ ከምዝገባው ሰነድ አውጥታችሁ በቀጣዩ ስብሰባ ከዚህ ቁጥር ጎን ብታስቀምጡት የመርማሪው ደብዳቤ ለምን እንደተጻፈ አባላቱ ያለ ብዙ ንግግር ይረዱታል።

የመልቀቂያ ቱቦው የሚመረመረው በካሜራ ነው። ቱቦው ሰው የማያስገባ ከሆነ በጎማ የሚሄድ ካሜራ ይላካል፤ ሰው የሚያስገባ ቢሆን እንኳ የተዘጋ ሥፍራ ስለሆነ ያለ አየር መለኪያና ያለ የሠለጠነ ቡድን ማንም እንዳይገባ አደራ እላለሁ። ካሜራው የሚፈልገው የዛገ ወለል፣ የተከፈተ መገጣጠሚያ፣ ከቅርጹ የተዛባ ክፍልና በተለይ ከጎን ወደ ቱቦው የሚገባ ውሃ ነው። መዝጊያው ተዘግቶ ሳለ ከቱቦው አፍ ውሃ የሚወጣ ከሆነ፣ ያ ውሃ በመዝጊያው ያመለጠ ነው ወይስ በቱቦው ግድግዳ የገባ የሚለው ጥያቄ የሁሉም ነገር መለያ ነው። አንድ ጊዜ በተካፈልኩበት ምርመራ የቱቦው አፍ አዲስ በሚመስል ኮንክሪት ተሠርቶ፣ ባለቤቶቹም በእርሱ ተማምነው ነበር፤ ካሜራው 40 ጫማ ያህል ሲገባ ግን የብረቱ ወለል ሙሉ በሙሉ ተበልቶ ውሃው በአፈሩ ላይ እየሄደ አገኘነው። በዚያው ሳምንት ማጠራቀሚያው ዝቅ እንዲል ተደረገ። አፉን አይቶ ስለ ውስጡ መናገር እንደማይቻል ከዚያ ቀን በኋላ ለማንም ሳልናገር አላልፍም።

ምርመራው ካለቀ በኋላ የጥገናው ምርጫ የሚወሰነው በቱቦው ቅርጽና በዙሪያው ባለው አፈር ነው። ቱቦው ዝጎ ቅርጹ ካልተዛባና በዙሪያው ባዶ ቦታ ካልተፈጠረ፣ በውስጡ ከርሱ ያነሰ የፕላስቲክ ቱቦ አስገብቶ በመካከሉ ያለውን ክፍተት በሲሚንቶ ፈሳሽ መሙላት ይቻላል፤ ይህ ግድቡን ስለማያስቆፍር ርካሹ መንገድ ነው። የውስጡ ስፋት ስለሚቀንስ ግን በቂ ውሃ መልቀቅ መቻሉ በስሌት መረጋገጥ አለበት፤ አዲሱ ቱቦ ከውስጡ ለስላሳ መሆኑ የጠፋውን ስፋት በከፊል ያካክሳል። በዙሪያው ባዶ ቦታ ከተገኘ ወይም ቱቦው ከተደረመሰ ግድቡን ቆፍሮ አዲስ ማስቀመጥ ግድ ይሆናል። በሁለቱም ጊዜ እኔ አጥብቄ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፦ በቱቦው የታችኛው ጫፍ ዙሪያ የአሸዋ ማጣሪያ ይሠራ። በትክክል የተመረጠ አሸዋ ውሃውን አሳልፎ የአፈሩን ቅንጣት ያስቀራል፤ ስለዚህ ወደፊት ስርገት ቢፈጠር እንኳ አፈሩ ታጥቦ አይወጣም። የድሮ መሐንዲሶች ለዚሁ ዓላማ በቱቦው ዙሪያ የኮንክሪት አንገት ይሠሩ ነበር፤ ያ ዘዴ በአንገቱ ዙሪያ አፈሩን ጠቅጥቆ ለመድፈን ስለሚያስቸግር ዛሬ አይመከርም።

ከዚህ ጋር መዘንጋት የሌለበት፣ ተራ እንክብካቤ ካልሆነ በቀር በግድቡ ላይ የሚሠራ ማንኛውም ለውጥ በኮሎራዶ ፈቃድ ባለው መሐንዲስ ተነድፎ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በስቴቱ መሐንዲስ ጽሕፈት ቤት መጽደቅ አለበት። ዛፎቹንም በዚሁ ዓይን ተመልከቷቸው። የቦርድ አባላት ቅዳሜ ጠዋት መጋዝ ይዘው ቢወጡ ቅንነታቸው የሚመሰገን ቢሆንም፣ ትልቅ ዛፍ ተቆርጦ ጉቶው ሲቀር ሥሩ በግድቡ ውስጥ በስብሶ ለውሃ መሄጃ ይሆናል። ቁጥቋጦውንና የእጅ አንጓ የሚያህለውን ዛሬውኑ ቁረጡ። ትልልቆቹ ግን ከነሥራቸው ወጥተው ጉድጓዱ በደረጃ በተጠቀጠቀ አፈር እንዲሞላ፣ ውሃው ዝቅ ባለበት ወቅትና በመሐንዲስ ዕቅድ መሠራት አለባቸው። የአይጥና የመሰል አውሬዎች ጉድጓድም እንዲሁ ተራ ነገር አይደለም፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ለታችኛው ግድብ ለጊዜው ገንዘብ ሳይሆን ዓይን ያስፈልገዋል። በግርጌው ላይ እርጥበት ወይም ፈሳሽ ካለ በአንድ ቦታ ሰብስባችሁ በሦስት ማዕዘን ቅርጽ በተቆረጠ ሳንቃ ላይ እንዲፈስ አድርጉት፤ የማጠራቀሚያውን ከፍታ፣ የፈሳሹን መጠንና መልኩን በየሳምንቱ መዝግቡ። ማጠራቀሚያው ሲሞላ የሚጨምርና ሲጎድል የሚቀንስ ጥርት ያለ ፈሳሽ በአፈር ግድብ የተለመደ ነው። ማጠራቀሚያው ባለበት እያለ የሚጨምር ፈሳሽ ወይም የደፈረሰ ፈሳሽ ግን ግድቡ ከውስጥ እየታጠበ መሆኑን ስለሚናገር በዚያው ሰዓት ወደ መርማሪው ይደወላል። የጎርፍ ማስተንፈሻውንም ሂዱና እዩት። ገበሬዎች በድርቅ ዓመት ጥቂት ተጨማሪ ውሃ ለመያዝ በማስተንፈሻው ላይ ሳንቃ ወይም አፈር የሚያደርጉበት ጊዜ አለ፤ ይህ ግድቡን በጎርፍ ቀን በአናቱ ላይ ውሃ እንዲያልፍበት ያጋልጠዋል፣ የአፈር ግድብ ደግሞ በአናቱ የሚያልፍ ውሃን ለረጅም ሰዓት አይችልም። እንዲህ ያለ ነገር ካገኛችሁ የማንንም ስብሰባ ሳትጠብቁ አንሡት።

አሁን ወደ ቦዩ። ሙግቱ ያለው እዚህ ስለሆነ ጊዜ ልውሰድበት። በቦዩ ጫፍ ውሃ የማይደርሰው ከአራት ነገሮች በአንዱ ወይም በድምራቸው ነው፦ ውሃው ወደ መሬት ይሰርጋል፣ ደለልና ሣር የቦዩን አቅም ያጠብቡታል፣ ከላይ ያሉ ማውጫዎች ከድርሻቸው በላይ ይወስዳሉ፣ አለዚያም ከወንዙ መጥለፊያ የሚገባው ውሃ ራሱ ከሚታሰበው ያነሰ ነው። ኮንክሪት በሚገባ የሚፈታው የመጀመሪያውን ነው፤ ሁለተኛውን በከፊል ያቃልለዋል፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ግን አይነካቸውም። በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር አውጥቶ ጁላይ ላይ ያው ገበሬ ያው በቆሎ ሲጠወልግበት ማየት ደግሞ ኩባንያን የሚከፋፍል ነገር ነው።

ስለዚህ በመጪው የመስኖ ወቅት ለኩት። በዋናው መግቢያና በየማውጫው አስተማማኝ መለኪያ እንዳለ አረጋግጡ። በአካባቢያችሁ የተለመደው መለኪያ ራልፍ ፓርሻል በ1920ዎቹ እዚያው ፎርት ኮሊንስ ሆኖ ያዳበረው፣ አንገቱ ጠባብና ወለሉ የሚያዘቀዝቅ የመተላለፊያ ሣጥን ነው፤ የውሃውን ከፍታ በአንድ ነጥብ አንብቦ መጠኑን ከሠንጠረዥ ማውጣት ይቻላል። ነገር ግን መለኪያው በጊዜ ብዛት ከተቀመጠበት ካዘነበለ ወይም ከታቹ በሣር ታግዶ ውሃው ወደ ኋላ ከተኛበት የሚሰጠው ቁጥር የተሳሳተ ነው፤ ከሁሉ በፊት ደረጃውን አስለኩት። ከዚያ የመግቢያው በር ቢያንስ ለአንድ ሙሉ ቀን ሳይነካ እንዲቆይ አድርጋችሁ፣ በአንድ ቀን ውስጥ ሁሉንም ነጥብ ለኩ።

በምሳሌ ላሳይ። በመግቢያው 60 ኪዩቢክ ጫማ በሴኮንድ ገባ እንበል። ማውጫዎቹ በድምር 31 ወሰዱ፣ በቦዩ መጨረሻ 11 ተገኘ። የጠፋው 18 ነው፣ ማለትም ከገባው 30 በመቶ። አንድ ኪዩቢክ ጫማ በሴኮንድ ሃያ አራት ሰዓት ሲፈስ 2 ኤከር ጫማ ሊሞላ ጥቂት የሚጎድለው ስለሆነ፣ በየቀኑ 36 ኤከር ጫማ ያህል እየጠፋ ነው ማለት ነው። ቁም ነገሩ ግን ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል። 14ቱን ማይል በአራት ወይም በአምስት ክፍል ከፍላችሁ ለእያንዳንዱ ይህንኑ ስሌት ብትሠሩ፣ ኪሳራው በቦዩ ሙሉ ርዝመት እኩል ተበትኖ የምታገኙት በጣም በጥቂቱ ነው። የሸክላ አፈር ያለበት ቦይ ከመቶ ዓመት ደለል ጋር ተዳምሮ እምብዛም አያፈስም፤ ጠጠርና አሸዋ ያለበት ክፍል ግን ውሃውን ይውጠዋል። ከ18ቱ 11 የሚጠፋው በሁለት ማይል ውስጥ ሆኖ ቢገኝ፣ የምትከራከሩበት ሥራ ከ14 ማይል ወደ 2 ማይል ይወርዳል። ጥርጣሬ ባለበት ክፍል ላይ ደግሞ ወቅቱ ሲያልቅ ቦዩን ከላይና ከታች በአፈር ዘግቶ ውሃ ሞልቶ በቀን ምን ያህል እንደሚጎድል መለካት ከሁሉም የተሻለ ትክክለኛ ውጤት ይሰጣል። ለዚህ ሁሉ የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ ማይል ኮንክሪት ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ከተለካ በኋላ የሚለበሰው በምን ይሁን? ያለ ሽፋን የሚቀር ስስ ኮንክሪት በኮሎራዶ ክረምት ከታቹ ያለው እርጥብ አፈር ሲቀዘቅዝና ሲያብጥ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ካልተደፈነ በጥቂት ዓመት ውስጥ ወደ ቀድሞው ስርገት ይመለሳል። ውሃ የማያሳልፍ የፕላስቲክ ንጣፍ ተዘርግቶ በላዩ የሚረጭ ኮንክሪት ቢለብስ፣ ኮንክሪቱ ንጣፉን ከከብትና ከፀሐይ ይጠብቃል፣ ንጣፉም ኮንክሪቱ ሲሰነጠቅ ውሃውን ይይዛል፤ እኔ ለረጅም ክፍል ይህን እመርጣለሁ። ቦዩ በመኖሪያ ሰፈር መካከል በሚያልፍበት ቦታ ግን የተቀበረ ቱቦ ከዋጋው ውድነት ጋር እንኳ ተመራጭ ነው። ምክንያቱን ሁለት አደጋዎች ይነግሩናል። ጃንዋሪ 5 ቀን 2008 በኔቫዳ ፈርንሊ ከተማ ከመቶ ዓመት በፊት ለመስኖ የተቆፈረ ቦይ ዳሩ ተደርምሶ 590 ቤቶች በውሃ ተጥለቀለቁ፤ ምርመራው ያገኘው ምክንያት አውሬዎች በቦዩ ዳር የቆፈሩትን ጉድጓድ ነበር። ጁላይ 11 ቀን 2009 ደግሞ በዩታ ሎጋን በቦይ ሥር ያለው ተዳፋት ተንዶ ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ ስቴቱም በቀጣዩ ዓመት የቦይ ኩባንያዎች የደኅንነት ዕቅድ እንዲያዘጋጁ የሚመለከት ሕግ አወጣ። ቦዮቹ ሲቆፈሩ በዙሪያቸው እርሻ እንጂ ሰፈር አልነበረም። በእናንተም ቦይ ዳር ከመሬቱ በላይ ከፍ ብሎ የሚሄድ ክፍል ካለና ከታቹ ቤት ከተሠራ፣ ያ ክፍል ስርገቱ አነስተኛ ቢሆንም ከጠጠራማው ክፍል ሊቀድም ይገባዋል።

ሕጉን በተመለከተ ሁለት ነጥብ ብቻ። አንደኛ፣ ከስርገት የዳነ ውሃ የኩባንያው አዲስ ሀብት ነው ብላችሁ ተጨማሪ መሬት ለማልማት ወይም ለመሸጥ አታቅዱ። በኮሎራዶ ከቦይና ከእርሻ የሚሰርገው ውሃ ተመልሶ ወንዝ ሲገባ ከታች ያሉ ባለመብቶች ይጠቀሙበታል፤ የተሻለ አሠራር መብትን አያሰፋም። ነባሩን መሬት በተሻለ ሁኔታ ማጠጣት ይቻላል፣ ከዚያ ያለፈው ግን የውሃ ጠበቃ ጉዳይ ነው። ሁለተኛ፣ ቦዩ በሰው መሬት የሚያልፍበት መብት ለመጥረግና ለመጠገን ያስገባችኋል፤ የቦዩን ሥፍራ ወይም ዓይነት መለወጥ ግን ከመሬቱ ባለቤት ጋር መነጋገርን ይጠይቃል። የመሬቱ ባለቤትም በበኩሉ ቦዩን ያለ እናንተ ስምምነት ወይም ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ማንቀሳቀስ እንደማይችል የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2001 ወስኗል። የቦዩ ዳር ዛፎችና የጎረቤት ጉድጓዶች ከስርገቱ የሚጠጡ ከሆነም ቦዩ ሲለበስ ሊደርቁ ይችላሉና ጎረቤቶቹ ከሥራው በፊት ቢያውቁ ይሻላል።

ገንዘቡን በአክሲዮን ተከፋፍሎ ካላያችሁት ስብሰባው አይወስንም። የኮሎራዶ የውሃ ጥበቃ ቦርድ ለእንዲህ ያሉ ኩባንያዎች በአነስተኛ ወለድ የረጅም ጊዜ ብድር ይሰጣል፤ በተለመደው አሠራር እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ወጪ ይሸፍናል፣ 1 በመቶ የአገልግሎት ክፍያም አለው። የግድቡ ቱቦና ተያያዥ ሥራ 1.2 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል ብለን እናስብ፤ ይህን ቁጥር የወሰድኩት ለስሌት ብቻ ነው። ብድሩ 1,080,000 ይሆናል፣ የአገልግሎት ክፍያው ሲጨመር 1,090,800። በ30 ዓመትና በ2 በመቶ ወለድ ቢከፈል ዓመታዊው ክፍያ ወደ 48,700 ዶላር ነው፤ ለ400 አክሲዮን ሲካፈል በአክሲዮን 122 ዶላር ገደማ። ኩባንያው ከኪሱ የሚያወጣው 120,000 ደግሞ በአክሲዮን 300 ዶላር ነው፤ በሦስት ዓመት ቢሰበሰብ በየዓመቱ መቶ መቶ ዶላር። እርስዎ ስድስት አክሲዮን ስላለዎት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተጨማሪው መዋጮ በዓመት 1,300 ዶላር ገደማ ይደርስብዎታል። ይህን ቁጥር በራስዎ ድርሻ አስልተው ቢያቀርቡ አባላቱ ያምኑዎታል። አበዳሪው የአዋጭነት ጥናትና የባለአክሲዮኖች ውሳኔ ስለሚጠይቅ ከማመልከቻ እስከ ሥራ ብዙ ወራት ይፈጃል። ከብድሩ ጎን ለጎን በየተፋሰሱ ጉባኤ በኩል የሚሰጠውን የስቴት ድጎማና ለቦዩ ደግሞ የፌዴራሉን የግብርና መሥሪያ ቤት የጥበቃ ፕሮግራሞች ጠይቁ፤ ድጎማ ሰጪዎች የተለካ ቁጥር ያለውን ማመልከቻ በይበልጥ እንደሚቀበሉ ከልምድ አውቃለሁ።

የመልቀቂያውን ሥራ የምትሠሩበት ወቅት በጥንቃቄ ይመረጥ። ማጠራቀሚያው ዝቅ የሚለው መስኖ ሲያበቃ በሴፕቴምበር መጨረሻና በኦክቶበር ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት የክረምትና የጸደይ ወራት የመሙያ ጊዜ ናቸው። ኮንትራክተሩ በኦክቶበር ጀምሮ እስከ ማርች ካልጨረሰ የአንድ ዓመት ሙሌት ሊያልፋችሁ ይችላል። ስለዚህ የካሜራ ምርመራው ዘንድሮ በኦክቶበር፣ ንድፉና ብድሩ በቀጣዩ ዓመት፣ ግንባታው ከዚያ በኋላ ባለው ኦክቶበር ቢሆን ይመቻል። ካሜራው አስቸኳይ ነገር ካገኘ ግን ይህ የጊዜ ሰሌዳ ይቀራል፤ ማጠራቀሚያው ዝቅ ይላል፣ የዚያ ዓመት ውሃም በወንዙ ድርሻችሁ ብቻ ይሆናል። የከፍተኛ አደጋ ግድብ የአስቸኳይ ጊዜ ዕቅድ ሊኖረው ስለሚገባ፣ ያላችሁን አውጥታችሁ ስልክ ቁጥሮቹ እስካሁን የሚሠሩ መሆናቸውን በዚህ ሳምንት አረጋግጡ፤ የጡረታ ወይም የሞተ ሰው ስልክ ያለበት ዕቅድ አይቻለሁ።

በእነዚህ ወራት ቦዩ ላይ ምንም አይሠራም ማለት አይደለም። ደለሉን መጥረግ፣ የተሰበሩ በሮችን መቀየር፣ የአውሬ ጉድጓድን ቆፍሮ በተጠቀጠቀ ሸክላ መድፈን፣ በየማውጫው መለኪያ ማስቀመጥ በመደበኛው መዋጮ የሚቻሉ ሥራዎች ናቸው፤ በጫፍ ላሉት ገበሬዎችም ገና ኮንክሪት ሳይፈስ የሚደርሳቸውን ውሃ ሊጨምሩላቸው ይችላሉ። የወንዙን መጥለፊያም አትርሱት። በሴፕቴምበር 2013 ጎርፍ ጊዜ ወንዞች አቅጣጫቸውን ለውጠው የብዙ ኩባንያዎችን መግቢያ በደረቅ ላይ ጥለውት ሄደዋል፤ የእናንተ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደተጠገነ በቃለ ጉባኤ ውስጥ ፈልጉ። የቀድሞው የቦይ ጠባቂ በሕይወት ካሉም አንድ ቀን ወስደው አብረዋቸው ቦዩን በእግር ይጓዙ፤ የትኛው ክፍል በየትኛው ዓመት እንደተሰበረ የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው፣ ያም በየትኛውም ሥዕል ላይ አይገኝም።

ለቀጣዩ ስብሰባ አንድ የውሳኔ ሐሳብ ብቻ ያቅርቡ፦ በዚህ ኦክቶበር የላይኛው ግድብ ቱቦ በካሜራ እንዲመረመር፣ በመጪው ወቅት ቦዩ በአምስት ክፍል ተከፍሎ እንዲለካ፣ ለሁለቱም የሚሆን መዋጮ እንዲጸድቅ። የማልበሱ ጉዳይ ልኬቱ በእጅ ከገባ በኋላ በሚደረገው ስብሰባ እንዲቀርብ ቀኑ በቃለ ጉባኤ ይያዝላቸው፤ በጫፍ ያሉት ገበሬዎች ሐሳባቸው እንዳልተጣለ በጽሑፍ ማየት አለባቸው። የመርማሪውን ደብዳቤ ሙሉ ቃልና የማጠራቀሚያውን ይዘት እዚሁ ቢያሰፍሩልኝ፣ ምርመራውም ሲያልቅ ካሜራው ያሳየውን ከቱቦው ዓይነትና ስፋት ጋር ቢጽፉልኝ፣ ውስጡን በፕላስቲክ ማልበስ ይበቃ እንደሆነ የበለጠ ቁርጥ ያለ ነገር ልነግርዎት እችላለሁ።